ሃያ ፓውንድ የሚሸከም ክር

አርነስ፣ ከሐይቁ ዳር
የካቲት መጨረሻ

ለተከበሩ የባሌ ታላቅ እህት፣

እንደምን ከርመዋል? ያ የጉልበትዎ ሕመም ከገና ወዲህ ተሻለዎት ወይ? የባለቤትዎ ሳልስ ለቀቀው? የዘንድሮ ብርድ የእናንተንም ቤት ቧንቧ እንዳፈነዳው ሰምቼ አዝኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንጨቴ ተፈልጦ ተደርድሯል፣ ምድጃዬ ይነዳል፣ እንቅልፌም ተመልሶልኛል። ያን በፕሪም የሚነባበረውን የገና ኬክዎን ዘንድሮ ስላላኩልኝ ብቻ ገናው ገና አልመስል ብሎኝ ነበር። ግድ የለም፣ ዳቦ በማር በልቼ አሳለፍኩት።

ባለፈው ወር የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ሁለተኛ አለቀስኩ፣ ሦስተኛው ላይ ድንች እየላጥኩ ስለነበር ልጣጩን ጠቅልዬበት ጣልኩት። ስለዚህ የምጠቅሰው በቃሌ ነውና ከተሳሳትኩ ይቅር ይበሉኝ። የባሌን የሃልዶርን የበረዶ ላይ ማጥመጃ ጎጆ ሽጪ ብለዋል። ከሐይቁ ላይ ውረጂ ብለዋል። ወንድሜን በበላ በረዶ ላይ ተቀምጠሽ ዓሣ ስትጠብቂ አገር ይስቅብናል ብለዋል። ጨምረውም የስንዴ አገር ልጅ ውሃን አታውቅም፣ የመንጠቆን አፍና ጭራ ለይታ የማታውቅ ሴት ብለውኛል።

ጎጆውን አልሸጥም። ከሐይቁም አልወርድም። በሁለት መስመር ጽፌ ልልከው ነበር፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ብዬ ኖሬ በሁለት መስመር ብቻ መናገር ራሴን መበደል መሰለኝ። ስለዚህ መነጽርዎን ያድርጉና ይቀመጡ።

ሃልዶር በተቀበረ በአራተኛው ቀን መጥተው ስድስቱንም የማጥመጃ ሳጥኖች “ለቤተሰቡ ወንዶች ነው” ብለው በመኪና ሲጭኑ፣ በሩን ከፍቼ የያዝኩልዎ እኔ ነበርኩ። ማማለያዎቹን፣ ክሩን፣ መንጠቆውን፣ ያቺን የተጣመመች መቆንጠጫውን ሳይቀር ወሰዱ። አንድ አጭር ዘንግ ብቻ ከምድጃው ጀርባ ወድቃ ስለነበር ዓይንዎ አላረፈባትም። እሷም ክር አልነበረባትም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ አቧራዋን ስጠርግላት ኖርኩ። ባለፈው ኅዳር ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲጠነክርና የሰው ጎጆ አንድ አንድ እያለ በረዶው ላይ ሲበቅል፣ አንድ ጠዋት ዘንጓን መኪና ላይ ጣልኩና ሴልከርክ ከተማ ወዳለ የማጥመጃ ሱቅ ወረድኩ። ለምን ሴልከርክ ካሉኝ፣ አርነስ ውስጥ ብገዛ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው እርስዎ ጋ ይደርስ ነበር።

የሱቁ ባለቤት ሞሪስ የሚባል ሽማግሌ ነው። ጣቶቹ ግማሾቹ ውርጭ በልቷቸው ጫፍ የላቸውም፣ ግን ያን ቀጭን ክር ሲቋጥር ሐር የሚፈትል ይመስላል። ገና ስገባ ለባለቤትዎ ስጦታ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

“ባለቤቴስ ከእንግዲህ አያስፈልገውም። ለእኔ ነው” አልኩት።

ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ምን ዓይነት ዓሣ እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ ትልቅ አልኩት። ለመጥበሻ የሚሆን ነገር ሊያሳየኝ ሲል አስቆምኩት። ለመጥበሻ አላልኩም፣ ትልቅ ነው ያልኩት፣ ዋልአይ የሚሉት፣ ያ ዓይኑ እንደ ብርጭቆ የሚያበራው፣ ወንዶቹ ፎቶግራፉን ኪሳቸው ከተው የሚዞሩለት ዓይነት አልኩት። ሞሪስ ሳቀና ከባንኮኒው ጀርባ ወንበር ስቦ ሰጠኝ። ያን ቀን ከእሱ የተማርኩትን ሠላሳ ዓመት በእናንተ ማዕድ ስቀመጥ ማንም አልነገረኝም። እናንተ ስለ ዓሣ ስትጫወቱ እኔ ሳህን ሳጥብ ነበር።

ሐይቃችን ሻይ በወተት ነው አለኝ። ዓሣው ዓይኑ የቱንም ያህል ቢያበራ በዚህ ድፍርስ ውስጥ ከክንድ አርቆ አያይም። ከማየቱ በፊት በጎኑ ይሰማል፤ ውሃው ሲንቀጠቀጥ ቆዳው ይነግረዋል። ስለዚህ ቀለም ከመምረጥሽ በፊት ድምፅ ምረጪ አለኝ፤ አንቺ ማለት የጀመረው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ደስ አለኝ። ዓሣ የሚመስሉ፣ ሆዳቸው ውስጥ የብረት ፍሬ ያለባቸው ጠፍጣፋ ማማለያዎች የሞሉበት ትሪ አወጣልኝ። እኔም አንድ በአንድ ጆሮዬ ሥር እያስጠጋሁ እነቀንቃቸው ጀመር።

ባንኮኒው ላይ የተደገፉ ሁለት ጎረምሶች ይሳሳቁ ነበር። አንደኛው፣ “አክስቴ፣ የሕፃን ማንኳኪያ የሚሸጠው እዚያ ማዶ ነው” አለኝ።

“እንግዲያው ሮጥ በል፣ ሳያልቅብህ” አልኩት።

የስንዴ አገር ልጅ ብለውኝ የለ? አባቴ የስንዴን እርጥበት የሚለየው በቆርቆሮ ጣሳ ነቅንቆ በጆሮው ነበር። የደረቀው ይንሿሿል፣ ያልደረቀው ድምፁ ይወፍራል። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ጣሳውን ለእኔ ይሰጠኝ ነበር፤ ተሳስቼ አላውቅም። በሞሪስ ትሪ ላይ ብዙ ፍሬ ያለባቸው ሽር ሽር ይላሉ፤ ልጅ የሚያስቁ ናቸው። አንዷ ግን አንድ ትልቅ ፍሬ ብቻ ነበራት፣ ዱክ ዱክ ትላለች፣ ሰው ከወፍራም በር ኋላ የሚያንኳኳ ይመስላል። እሷን ለየሁ። ርዝመቷ መዳፌን ያክላል፣ ጀርባዋ ወርቃማ፣ ሆዷ ብርቱካን፣ እውነቱን ለመናገር አስቀያሚ ናት። ሞሪስ አስጠነቀቀኝ። ትንሽ ማማለያ ትንሹንም ትልቁንም ይጠራል፣ ትልቅ ማማለያ ግን ትንሹን ያባርራል፣ ብዙ ቀን ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ አለኝ። ባዶ እጅ መመለስ ለምጃለሁ አልኩት።

ክሩ ላይ ግን ተሳሳትኩ፤ ይህን አልደብቅዎትም። ሃልዶር ዕድሜውን ሙሉ ያጠመደው ስምንት ፓውንድ በሚሸከም ቀጭን ናይለን ነው። ያንኑ ስጠኝ አልኩ። ሞሪስ፣ ይህ ክር ለዚህች ማማለያ አይሆንም፣ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ታች የሆነውን ለእጅሽ አይነግርሽም ብሎ ሊመልሰኝ ሞከረ። እኔ እንቢ አልኩ። የባሌን ክር መያዝ ፈልጌ እንጂ ማጥመድ ፈልጌ አልነበረም መሰለኝ።

በጥር ሁለተኛ ሳምንት ሞሪስ ያለው ደረሰ። ጎጆው ውስጥ በረዶውን በስቼ ማማለያዋን ቀኑን ሙሉ ከፍ ዝቅ ሳደርግ ውዬ፣ ዘንጓ በድንገት ወደ ቀዳዳው ጎበጠች። ያ ዓሣ ምን ያህል እንደነበር አልነግርዎትም፤ አላየሁትም። ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ብቻ ክንዴ ላይ ተሰማኝ፣ ቀስ ብሎ፣ አይሆንም አይሆንም እንደሚል ሽማግሌ። ከበረዶው አፍ ሥር ሲደርስ ክሩ በቀዳዳው ጠርዝ ተፋቀና ተበጠሰ። አስቀያሚዋን ማማለያዬንም ይዟት ሄደ። ጎጆው ወለል ላይ ተቀምጬ በአያቴ ቋንቋ የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጨረስኩ። በጎረቤት ሦስት ጎጆዎች ያሉት ሰዎች ሰምተው ኖሮ ሳቃቸው መጣ። ለእርስዎ የደረሰው ወሬ እንግዲህ ይህ ነው። እርስዎ ሳቁን ሰሙ፣ እኔ ክሩን አየሁ።

በማግስቱ ሴልከርክ ተመለስኩ። ሞሪስ የማማለያዋን መንትያና ሃያ ፓውንድ የሚሸከም ጉንጉን ክር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ጉንጉኑ አይለጠጥም። ዓሣው ማማለያዋን በአፍንጫው ቢነካት እንኳ ጣትዎ ላይ ይሰማዎታል። ሁለት ጠባይ ግን አለው፦ ዓሣው ያየዋል፣ ውሃም ይጠጣል። ለመጀመሪያው ጫፉ ላይ ሁለት ክንድ ያህል ጠጣር ብርጭቆ የመሰለ ናይለን ይቀጠልበታል። የበረዶውን ጠርዝ የሚችለው እሱ ነው። በጣም ከወፈረ ማማለያዋ መወዛወዝ ያቅታታልና አሥራ አምስት ፓውንድ የሚሸከም ይበቃል አለኝ። ለሁለተኛው መድኃኒቱ ምድጃ ነው። ውሃ የጠጣ ጉንጉን ሜዳ ላይ እንደ ሽቦ ይደርቃል፣ ጎጆ ውስጥ ግን እንደ ሐር ነው። እንግዲህ ጎጆውን ለምን እንደማልሸጥ ከምክንያቶቼ አንዱ ይኸው።

ሁለቱን ክር የምታገናኘውን ቋጠሮ ሞሪስ ሊያሳየኝ ሲጀምር ጨረስኩለት። ልጅነቴን በሙሉ ድርቆሽ ሳስር አይደለም ወይ ያደግሁት? ጎትቶ ጎትቶ አልፈታ ሲለው፣ “ይህን ማን አስተማረሽ?” አለኝ። ላሞች ናቸው አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ወጣሁ። እርስዎ የሚያውቁት ነገር ነው፤ በእኛ አገር ሕግ መንጠቆ መመለሻ እሾህ አይኖረውምና ክሩ ለቅጽበት ከላላ ዓሣው ሄደ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ሄዱብኝ። ማንሣቱን ሳይሆን ማሳረፉን ተማርኩ፦ ማማለያዋን ሁለት ጊዜ ዱክ ዱክ አሰኝቶ ከዚያ ዝም ማሰኘት። ዓሣው በጩኸቱ ይመጣል፣ የሚነክሰው ግን በዝምታው ነው። ከሚስቁት ሰዎች አንዱ ክብሪት ልዋስ ብሎ ገብቶ፣ ክብሪቱን ሳይወስድ ማማለያዬን አይቶ ወጣ። በሳምንቱ የሦስቱም ጎጆ ዱክ ዱክ ይል ነበር። ይህንንስ ነገሩዎት?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይዋ በረዶው ላይ ተጋድማ ሳለ ዘንጓ ጎበጠች። ያ የማውቀው ጭንቅላት መነቅነቅ እንደገና መጣ፣ ቀስ ያለ፣ ከባድ። ክሩን ሳላላላ ዓሣው ሲሄድ እየሰጠሁ፣ ሲያርፍ እየጠቀለልኩ፣ እንዲህ ስንባባል በሩ ተንኳኳ። ክብሪት የፈለገው ሰውዬ መስሎኝ ግባ አልኩ። የገባው ልጅዎ ኪያርታን ነበር።

እርስዎ ከተማ ልቡን ወሰደው፣ ቢሮ ገብቶ ሐይቅ ናቀ ይላሉ። ሁለት ክረምት ሙሉ በረዶ ረግጦ አያውቅም። ያን ቀን መኪናውን ዳር አቁሞ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቷል። ከንፈሩ ነጭ ነበር። ደጁ ላይ ቆሞ ወለሉን እንጂ እኔን አያይም።

“በሩን ዝጋው፣ ክሬ ይደርቃል” አልኩት።

ዘጋው። ዓሣው ከቀዳዳው አፍ ሥር ደርሶ ነበር፤ ዘንጓን በሁለት እጄ ይዣለሁ፣ ሦስተኛ እጅ የለኝም። እጅህን ክተትና አውጣልኝ አልኩት።

“አክስቴ፣ እኔ አልችልም። ውሃው ውስጥ እጄን... አልችልም።”

“ትችላለህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም፤ ክተት።”

ተንበረከከ። ኮቱን ሳያወልቅ ክንዱን እስከ ክርኑ ከተተ። ሲያለቅስ ይሰማኛል፣ እኔ ግን ዓይኔ ክሩ ላይ ነው። ከጉንጯ ሥር ይዞ ሳብ ሲያደርጋት ጎጆው ሞላ። ሴት ናት፣ ጀርባዋ አረንጓዴ ወርቅ፣ ሆዷ በእንቁላል የተነፋ። ዓይኖቿ በምድጃው ብርሃን እንደ ፋኖስ በሩ። ሰባ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ለካን። ሃልዶር ካወጣው ሁሉ በአራት ይበልጣል፤ ከሳጥኖቹ ጋር የወሰዱት ደብተሩ አለና ይመልከቱት። ፎቶግራፍ አላነሣሁም። ለአገር የማሳየው ነገር የለኝም።

መልሳት አልኩት። እንደገና እጁን ከትቶ ጭራዋን ይዞ ቆየ፣ ነፍስ እስክትዘራ። በኋላ ራሷ ተወርውራ ወጣች፣ ውሃው ፊቱን መታው። እሱም ከዚያው ከወለሉ ሳይነሣ መናገር ጀመረ። እንጨት ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፤ አልጨረሰም። ያለውን እዚህ አልጽፈውም። ቃሉ የእሱ ነው።

ሃልዶር ስለሞተበት ስለዚያ እሑድ ግን የራሴን ድርሻ ልናገር። ከዚህ ወዲያ “እርስዎ” የሚለው ቃል ብዕሬ ላይ ከበደኝ። ሃልዶር ሁልጊዜ “እህትሽ ናት፣ አንቺ በያት” ይለኝ ነበር፣ እኔ ነበርኩ እንቢ ያልኩት። ዛሬ አንቺ ልበልሽ።

ሃልዶርን ከሐይቁ ባወጡበት ቀን፣ ዳር ላይ ቆመን ሳለን፣ ፖሊሱ በመጋቢት መጨረሻ በሳሳ በረዶ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ ብሎ ጠየቀ። አንቺ ከግራዬ ነበርሽ። ኪያርታን ከቀኜ ነበር፣ እጅጌዬን ጨብጦ አልለቅም ብሏል። ዓሣ አምሮኝ እኔ ላክሁት አልኩ። አንቺም መቃብሩ አፍ ላይ በሕዝብ ፊት፣ “በሆድሽ ወንድሜን ገደልሽው” አልሽኝ። አልመለስኩልሽም። ሁለት ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሱቅ፣ በየሰው ሠርግ ይህንኑ ስትደግሚ አልመለስኩልሽም። ዛሬም አልመልስም፤ ያየሽውን ብቻ አስታውስሻለሁ።

በቀብሩ ሳምንት ለለቀስተኛው ዓሣ የጠበስሽው አንቺ ነሽ። ከእኔ ማቀዝቀዣ ነው ያወጣሽው፤ ሞልቶ ክዳኑ አልገጥም ብሎሽ በጉልበትሽ ስትጫኚው አይቻለሁ። ያን ቀን መኪናሽን ያቆምሽው ጓሮዬ ውስጥ ከጎጆአችን አጠገብ ነው፤ የእኛ ጎጆ ከበረዶው ላይ ከተነሣ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። ሃልዶር በረዶ ላይ የሚነዳውን ሞተሩን ከውሃው ሲጎትቱት ከኋላው የመጎተቻ ሰንሰለት ተንጠልጥሎበት ነበር። ለማጥመድ የሚወጣ ሰው ሰንሰለት አይዝም። ሃልዶር ከምሳው ላይ የተነሣው ስልክ ተደውሎለት ነው። አትሂድ ብዬዋለሁ። ለልጅ ነው፣ ጎጆ ከበረዶው ላይ የሚነሣበት የሕጉ ቀን ነገ ያልቃል ብሎኝ ሳቀና ጫማውን አጠለቀ። ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ። የወንድምሽ ልብ ምን ዓይነት እንደነበር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ ይህን የጻፍኩት ይቅርታ እንድትጠይቂኝ አይደለም። ሳጥኖቹንም አልፈልጋቸውም፤ የራሴ አለኝ። ጎጆዬን በመጋቢት አጋማሽ፣ በረዶው ገና ክንድ እንደሆነ፣ በራሴ ሞተር ጎትቼ አወጣታለሁ፤ ኅዳር ሲመጣ መልሼ አስገባታለሁ። አገሩ ይሳቅ። መሳቅ ብርድ ይከላከላል።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ኪያርታን ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏል። ቃሉን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ በእግሩ መጥቶ አይቼዋለሁ። ያን ቀን እንግዳ አትጥሪ። ወጥ ቤት ገብቶ አጠገብሽ ሲቆም ምድጃውን አጥፊና ተቀመጪ። አፉ እንቢ ቢለው አታጣድፊው። እስኪጨርስ አታቋርጪው፣ አትጩሂበት። ሲጨርስ የምትዪው ከጠፋብሽ ምንም አትበይ፤ ራት ብቻ አቅርቢለት። ዓሣ ባይሆን ይሻላል፣ ገና አልቻለም።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ሳሉን ከቤትሽ ያውጣልሽ። ልጅሽን ያቆይልሽ።

አሁንም፣ ሁልጊዜም፣
የወንድምሽ ሚስት